ዝናቡ የእግዜር ነው፤ ጎርፉስ?

የቤት ማኅበራችን ስብሰባ የተጠራው ለሦስት ሰዓት ነበር፤ እንደ ወጉ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ተዳፋት ላይ ባለ አራት ሄክታር ሜዳ፣ መቶ ሃያ ቤት ልንሠራ አስበናል። ወጣቱ መሐንዲስ ፕላኑን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያስረዳን ጀመር። ስለ በሩ ስፋት፣ ስለ ሴራሚኩ፣ ስለ ጥበቃ ቤቱ ቀለም ሳይቀር ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ስለ ዝናብ ውኃ መውረጃው የተነጋገርነው ግን ምሳ ሊደርስ ሲል፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ቦዩ ወይ በታችኛው የአጥራችን ጥግ ላይ ያበቃል፤ ወይ ደግሞ ውኃውን አቁሮ ቀስ እያለ የሚለቅ ገንዳ ተሠርቶለት፣ ከዚያ አራት መቶ ሜትር ያህል ተጉዞ ወንዙ ይገባል። ሁለተኛው ከያንዳንዳችን ተጨማሪ አርባ ሺሕ ብር ይጠይቃል። «ከአጥራችን ውጭ ያለውማ የኛ አይደለም» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሌላው ቀጠለና «ዝናቡ እንደሆነ የእግዜር ነው፤ እኛ አላመጣነው!» ሲል ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ወጪውን የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። ዘጠኝ እጅ ተቆጠረ። እኔ አሥረኛው አልሆንኩም፤ መነጽሬን እየጠረግኩ ነበር።

መነጽር መጥረግ ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ሳስተምር በነበረበት ዘመን፣ ተማሪ የማላውቀውን ነገር ሲጠይቀኝ እንዲሁ አደርግ ነበር።

አሁን ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ። ከቦታችን በታች አሥራ አምስት የሚሆኑ የጭቃ ቤቶች አሉ። ቦታውን ልናይ የሄድን ዕለት ፀሐዩ ሲያቃጥለን፣ ከነዚያ ቤቶች በአንዱ የምትኖር ሴት «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ብላ ቡና አፈላችልን። ገንዘብ ብንሰጣት አልቀበልም አለች። ስንወጣ ወደ ሜዳው እያየች «ጋሼ፣ ቤቱን ስትሠሩ ውኃውን ወደኛ እንዳትለቁብን፤ አደራ» አለችኝ። እኔም ሰው ሲሰነባበት እንደሚለው «ኧረ አይዞሽ! ምን በወጣን!» አልኳት። በኛ አገር አደራ ማለት ምን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ከስብሰባው ማግስት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የሥነ ጽሑፍ ሰው ሒሳብ ሲሠራ ያስቃል፤ ይሁንና ይቺ ቀላል ነች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ሠላሳ ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ጠንካራ የክረምት ዝናብ በአራት ሄክታር ላይ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺሕ ሊትር ያፈስሳል። መሐንዲሶች እንደሚያሰሉት ሣር የለበሰ ሜዳ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ በመቶ ያህሉን ወደ ታች ቢሰድ፣ ጣሪያና አስፋልት የበዛበት ሰፈር ሰማንያ በመቶ ሊሰድ ይችላል። ልዩነቱ ስድስት መቶ ሺሕ ሊትር ነው። ለመቶ ሃያ አባል ሲካፈል ለያንዳንዳችን አምስት ሺሕ ሊትር፣ ማለትም ሃያ አምስት በርሜል ይደርሰናል። በአንድ ዝናብ ብቻ።

እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ሃያ አምስት በርሜል ነው። የቤት ሠራተኛዬ የዕቃ እጣቢ በጎረቤት ደጅ ብትደፋ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በርሜል እያንከባለልኩ ሄጄ ቡና ባፈላችልኝ ሴት መደብ ላይ የምገለብጥ ሰው አይደለሁም፤ እናንተም አይደላችሁም። ግን መቶ ሃያ ሆነን፣ በቱቦና በአሸንዳ፣ እኛ ቤት ውስጥ ተኝተን ሲሆን፣ ያው ድርጊት ድርጊት መሆኑ ይቀራል። ማን አደረገው ቢባል ዝናቡ። ከመቶ ሃያ አንዱ ስለሆንኩ ጥፋቴም በመቶ ሃያ ይካፈላል? እሷ ቤት የሚገባው ውኃ ግን ተካፍሎ አይገባም።

ክርክሩን በሙሉ መናቅ አልፈልግም። አንድ አባል «ጥቁር አፈር በነሐሴ ድሮስ መች ውኃ ይጠጣል?» ብሎ ነበር። እውነቱን ነው፤ የጠገበ ጥቁር አፈር እንደ ሸክላ ነው። መሐንዲሱ ግን መልስ ነበረው፤ በሰኔ የተሰነጣጠቀው መሬት ይጠጣል፣ በነሐሴም ቢሆን ሣሩ ውኃውን ያዘገየዋል፣ አስፋልት ግን ሰብስቦ በደቂቃዎች ውስጥ በአንድ አፍ ይተፋዋል። ማዘጋጃ ቤት ይሥራው ለሚለውም፣ ዋናውን ቦይ መሥራት በርግጥ የከተማው ፋንታ ነው። አርባ ሺሕ ብርም ቀላል አይደለም፤ ከመካከላችን በጡረታ የሚኖሩ አሉ። ደግሞ እጃቸውን ያወጡት ዘጠኙ ባለገንዘቦቹ አልነበሩም።

ያልተዋጠልኝ ሌላኛው ነው፦ «እነሱ እኮ የጨረቃ ቤት ናቸው፤ ካርታ እንኳ የላቸውም።» የካርታው ጉዳይ በነሱና በወረዳው መካከል ያለ ነገር ነው፤ እኔ ልጆቿ የተኙበት ድረስ ውኃ እንድሰድ ፈቃድ አይሆነኝም። ይህን ስሰማ አያ ጅቦ ትዝ አለኝ። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ሲጠጡ «ውኃውን አታደፍርሺብኝ» ቢላት «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችውን። ይህን ተረት በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አንስቼዋለሁ! ተማሪዎቼም እኔም ሁልጊዜ ከአህያዋ ጋር ነበርን፤ ከላይ በኩል ቆሞ ያነበበው አንድም ሰው አላስታውስም። የጅቦ ውሸት ውኃ ሽቅብ ይፈሳል የሚል ነው። የኛ ደግሞ፣ ውኃ አጥራችን ጋ ሲደርስ ያልቃል የሚል ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በጎጃም ገጠር ገበሬው የተኛበትን ውኃ ለማስወጣት እርሻው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ ፈሰሱ የታችኛውን ሰው ማሳ ሲቦረቡር ጠብ ይነሳል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሮማውያንም ከሁለት ሺሕ አራት መቶ ዓመት በፊት በአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕጋቸው ስለ ዝናብ ውኃ ጉዳት ደንግገው ነበር። የ1804 የፈረንሳይ ሕግ ደግሞ፣ የታችኛው ሰው በተፈጥሮ የሚወርደውን ውኃ እንዲቀበል ያዝዝና፣ የላይኛው ሸክሙን እንዳያከብድበት ይከለክላል። የእግዜርን ለእግዜር፣ የሰውን ለሰው መለየት እንደሚቻል ሁሉም ገብቷቸዋል። አዳራሹ ውስጥ የሳቅነው እኛ ነን ያልገባን።

ውኃ ከላይ ወደ ታች ምን ይዞ እንደሚወርድ የማናውቅም አይደለንም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ድሬዳዋ በሌሊት ደቻቱ ሲሞላ ከ250 በላይ ሰው አልቋል። ያን ሁሉ ውኃ የሰጠው በላይ በደጋው የጣለው ዝናብ ነው፤ ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። የኛ ቦይ ደቻቱ አይደለም፤ አላጋንንም። አሥራ አምስት ጭቃ ቤት ለመናድ ግን ደቻቱን መሆን አይጠበቅበትም።

ባለፈው ሰኞ ለማኅበራችን ሊቀ መንበር ደወልኩ። ጉዳዩ እንደገና አጀንዳ እንዲሆን፣ ገንዘቡም በአንዴ ሳይሆን በሁለት ዓመት እንዲከፈል ሐሳብ አቀረብኩ። ጨዋ ልጅ ነው፤ እስክጨርስ ሰማኝ።

«መምህር» አለኝ፣ «ያኔ እርስዎ እኮ እጅዎን አላወጡም።»

አላወጣሁም አልኩት። ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳቡን በጽሑፍ አስገብተው፣ ቆመው ያስረዱ አለኝ። ጽሑፉን ጨርሻለሁ። ሴትዮዋ ጋ ግን እስካሁን አልሄድኩም።