ካርዱ አለ፤ ሰው ግን የለም

አንድ ማኅበረሰብ ለድኻው «ብትታመም እናሳክምሃለን» ብሎ ቃል በገባለት ጊዜ የሰጠው ምንድን ነው? ወረቀት ነውን? ገንዘብ ነውን? ወይስ በታመመበት ዕለት አጠገቡ ቆሞ የሚረዳውን ሰው? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰሙት የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን የመንግሥት የጤና መድን ካርድ ይዘው ካርዱን የሚቀበል ባለሙያ በማጣት ከደጅ ወደ ደጅ ለሚንከራተቱ ሰዎች ጥያቄው የየዕለቱ ኑሯቸው ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ነገሩን በአንድ የሕክምና ዘርፍና በአንድ አገር ምሳሌነት እንመረምራለን። አገሪቱ አሜሪካ፣ ዘርፉም ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው። አሜሪካን የመረጥነው የድኻው መብት በዚያ በሕግ ተዘርዝሮ የተጻፈ በመሆኑና ከወገኖቻችንም ብዙዎች በዚያ ስለሚኖሩ ነው።

የሙያው ስም ለአብዛኞቻችን እንግዳ ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒ በሕመም፣ በአደጋ ወይም አብሮ በተወለደ ጉዳት ምክንያት የዕለት ተግባሩን ማከናወን ያቃተውን ሰው ያንኑ ተግባር የሚያለማምድ ሕክምና ነው። ስትሮክ አንድ እጇን ያሰነፈባት እናት ልብሷን መቆለፍና በእጇ መጉረስ እንደገና ትማራለች። እርሳስ መጨበጥ ያልቻለ ሕፃን ጣቶቹን ማዘዝ ይለምዳል። በመታጠቢያ ክፍል የሚወድቁ አረጋዊ መያዣው ከወዴት ቢተከል፣ ወንበሩስ ከየት ቢቀመጥ ሳይወድቁ እንደሚታጠቡ ይመከራሉ። ፊዚዮቴራፒስት ይበልጡን ስለ ጡንቻ ብርታትና ስለ መራመድ ሲያስብ፣ የዚህ ሙያ ባለቤት ግን «ይህ ሰው በየዕለቱ ሊሠራው የሚፈልገው ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ይነሣል። ሙያው በአሜሪካ የራሱን ማኅበር ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. በኒውዮርክ ግዛት ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ወደ ሥራና ወደ ኑሮ በመመለስ ታወቀ። እንግዲህ ይህ የቅንጦት ሕክምና አይደለም። በገዛ እጅ መጉረስና በገዛ እጅ መልበስ የሰው ክብር ክፍል ነውና።

አሁን ወደ ካርዱ እንምጣ። ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት የጤና መድን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ ነው። በዚያው ሕግ ለአረጋውያን ሜዲኬር፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ደግሞ ሜዲኬይድ ተመሠረተ። የሜዲኬይድን ወጪ የፌዴራሉ መንግሥትና ግዛቶች በጋራ ይሸፍናሉ። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሁሉ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ለጤናው አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ግዛቱ የመሸፈን ግዴታ አለበት። ለአዋቂዎች ግን ጉዳዩ ለየግዛቱ ምርጫ የተተወ ነው። ስለዚህ አንዱ ግዛት ይሸፍናል፤ ሌላው የጉብኝቱን ቁጥር ይወስናል፤ ሌላው ደግሞ ይተወዋል። ከዚህም በላይ ባለሙያው ካርዱን እንዲቀበል የሚያስገድደው ሕግ የለም። ሜዲኬይድ የሚከፍለው ዋጋ በአብዛኛው ከግል መድን ያነሰ ነው፤ የተቀበለ ባለሙያም የተከፈለውን እንደ ሙሉ ዋጋ መውሰድ እንጂ ቀሪውን ከታማሚው መጠየቅ አይፈቀድለትም። በዚህ ላይ የቅድሚያ ፈቃድ ጥያቄና የቅጽ ብዛት ይጨመራል። ስለዚህ ብዙዎቹ «አዲስ የሜዲኬይድ ታማሚ አንቀበልም» ይላሉ።

የሕጉ አርቃቂዎች ይህን አደጋ አላሰቡም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. በሕጉ የገባው ቃል፣ ግዛቶች የሚከፍሉት ዋጋ በቂ ባለሙያዎችን የሚስብና የካርዱ ባለቤቶች በአካባቢያቸው ካለው ሕዝብ ባልተናነሰ ሁኔታ ሕክምና እንዲያገኙ የሚያስችል መሆን አለበት ይላል። ነገር ግን በአይዳሆ ግዛት የሚገኙ አገልግሎት ሰጪዎች ዋጋው አነሰ ብለው በከሰሱ ጊዜ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በ5 ለ4 ድምፅ፣ ይህን ቃል ማስፈጸም የፌዴራሉ አስተዳደር ሥልጣን እንጂ አገልግሎት ሰጪዎች ከስሰው የሚያስፈጽሙት አይደለም ሲል ወሰነ። እንግዲህ ቃሉ ተጽፏል፤ ቃሉን የሚያስፈጽመው መንገድ ግን ጠበበ። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በወንጌል በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ሙሉ ታሞ የኖረውን ሰው እናስታውስ። ያ ሰው ውኃው የለም ብሎ አላማረረም። ውኃው በአጠገቡ ነበር፤ የጎደለው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ነበር። የካርዱም ነገር እንዲሁ ነው።

እንግዲያስ በደሉ የማን ነው? ፈጥነን ጣታችንን በባለሙያው ላይ እንዳንቀስር የእርሱን ቃል እንስማ። «ለዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ተምሬአለሁ፤ የትምህርት ዕዳ አለብኝ፤ የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ እከፍላለሁ። በዝቅተኛው ዋጋ ብቻ ብሠራ ደጄን እዘጋለሁ፤ ያን ጊዜ ማንንም አልረዳም» ይላል። ይህ እውነት ነው። ሥነ ምግባር ማንም ሰው ራሱን እንዲያጠፋ አያስገድድም፤ ሠራተኛም ለድካሙ ዋጋ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ይህ መልስ ነገሩን ሁሉ አይዘጋውም። ባለሙያው ጥበቡን ብቻውን አላገኘውም። ተማሪ በነበረበት ጊዜ እጁን ያፍታታው በታመሙ ሰዎች አካል ላይ ነው፤ ከእነዚያም መካከል ድኾች ነበሩ። የሥራ ፈቃዱንም የሰጠው ሕዝቡ ነው። ስለዚህ ሙያው የግል ሀብቱ ብቻ ሳይሆን አደራም ነው። አደራ ደግሞ ሁሉን ስጥ ባይልም፣ ምንም አትስጥ ብሎ አያውቅም። ከሳምንቱ ሰዓታት የተወሰኑትን ለካርዱ ባለቤቶች መለየት ደጁን ሳይዘጋ ሊፈጽመው የሚችለው ግዴታ ነው ብለን እናምናለን።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነገር አለ። ካርዱን የሚቀበሉት ደጋጎቹ ብቻ ከሆኑ፣ ታማሚዎች ሁሉ ወደ እነርሱ ይጎርፋሉ፤ ወረፋው ይረዝማል፤ ሸክሙም ያደክማቸዋል። ጎረቤታቸው በሩን ስለዘጋ የእርሱን ድርሻ ጭምር ይሸከማሉ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ደግነትን የሚቀጣ፣ ቸልተኝነትን ግን የሚሸልም ይሆናል። ስለዚህ ምጽዋት ብቻውን አይበቃም፤ ሸክሙን ለሁሉ የሚያካፍል ፍትሕ ያስፈልጋል። ምጽዋት ከአንድ ልብ ይፈልቃል፤ ፍትሕ ግን የሁሉ ሥራ ነው።

በዚህ ምክንያት ትልቁ ተጠያቂነት ቃሉን በገባው በመንግሥት ላይ ይወድቃል። መንግሥትም መከራከሪያ አለው፤ ገንዘቡ የተወሰነ ስለሆነ ለባለሙያው የሚከፈለው ከፍ ቢል የካርዱ ባለቤቶች ቁጥር ሊቀንስ ይችላል ይላል። ለብዙዎች ጥቂት መስጠት ይሻላል ወይስ ለጥቂቶች ብዙ? ይህ እውነተኛ ጭንቅ ነው፤ በቀላሉ የሚፈታም አይደለም። እኛ ግን አንድ ነገር በእርግጥ መናገር እንችላለን። የሚቀነስ ነገር ካለ በግልጽ ተነግሮ ይቀነስ እንጂ በረጅም ወረፋና በማይነሣ ስልክ አይቀነስ። በግልጽ የተቀነሰውን ዜጋው ሊቃወመው ይችላል። በስውር የተቀነሰው ግን ደጋግሞ ለመደወል ጊዜ በሌለው፣ ቋንቋውን በማያውቅ፣ መብቱን በማይጠይቅ ሰው ላይ ብቻ ይወድቃል። ሊፈጸም እንደማይችል እየታወቀ የሚሰጥ ተስፋም ለሐሰት የቀረበ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ስለ ሰላም በጻፉት መልእክታቸው ሕክምናን ከሰው ልጅ መብቶች መካከል ቆጥረውታል። መብት ካልን ደግሞ ፍጻሜው ታማሚውን የሚዳስሰው እጅ እንጂ በኪስ የሚቀመጥ ካርድ ሊሆን አይችልም።

ውድ ምእመናን፣ እስከ አሁን ስለ መንግሥትና ስለ ባለሙያ ተናገርን፤ ሦስተኛው ተጠያቂ እኛው ነን። በቤተ ሳይዳ በነበረው ሰው አጠገብ በ38 ዓመት ውስጥ ስንት ሰው አልፎ ይሆን? ባለሙያ የመፈለግ ድካም ለታመመ ሰውና ለአስታማሚው ብቻ የሚተው አይደለም። ቋንቋ የሚያውቅ፣ ስልክ ለመደወል ትዕግሥት ያለው ጎረቤት ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነገር አለ። በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የሚጠቅመውን ባጭሩ እናመልክት።

በመጀመሪያ ከሐኪሙ የማዘዣ ወረቀት መያዝ፣ ከዚያም ካርዱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ለመድኑ ድርጅት ደውሎ አዲስ ታማሚ የሚቀበሉ ባለሙያዎችን ስም መጠየቅ ይገባል። የሚሰጠው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ያረጀ ስለሆነ ወደ እያንዳንዱ ደውሎ ማረጋገጥ፣ የደወሉበትን ቀንና የተሰጠውን መልስም መጻፍ ያስፈልጋል። ጽሑፉ በኋላ ማስረጃ ይሆናል። በሜዲኬይድ ስም የሚሠራ የመድን ድርጅት በራሱ መዝገብ ውስጥ ተስማሚ ባለሙያ ካጣ፣ ከመዝገቡ ውጭ ያለውን የመሸፈን ግዴታ እንዳለበት ደንቡ ይናገራል፤ ይህንንም በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ከግል ቢሮዎች ይልቅ የሆስፒታሎችን የተመላላሽ ክፍሎችና ሙያውን የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችን ክሊኒኮች መሞከርም ይረዳል። ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግዛቱ ያዘጋጀው የቅድመ እርዳታ አገልግሎት አለ። የአካል ጉዳት ላለበት ተማሪም ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሕዝብ ትምህርት ቤቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የዚህ መብት መሠረት እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ነው። አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ፣ ወደ ሕክምናው የሚያደርስ መጓጓዣ መጠየቅ፣ ሕክምናው ሲከለከልም ይግባኝ ማለት የካርዱ ባለቤት መብቶች ናቸው። እነዚህን ሁሉ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ አስቀድሞ የተሰጠን ቃል ማስታወስ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ቢኖር ወደ አገራችን ይመልከት። በኢትዮጵያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተዳርሷል። ቤተሰቡ መዋጮውን ከፍሎ ካርዱን ይይዛል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ግን በአገራችን ገና ለጋ ሙያ ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ከጀመረው ትብብር ዓላማዎች አንዱ ይህንኑ ትምህርት በአገራችን ማቋቋም ነበር። በአሜሪካ ባለሙያው እያለ ካርዱን አይቀበልም፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ካርዱ እየተዳረሰ ባለሙያው ገና በመፍራት ላይ ነው። ምክንያቱ ይለያያል፤ ለታማሚው ግን ውጤቱ አንድ ነው። ካርድ ለማዳረስ የምንተጋውን ያህል ሰው ለማፍራት ካልተጋን ነገ የምንሰጠው መብት ባዶ እጁን ይመጣል።

እናንት የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ስለ በጎ አድራጎት ስታስተምሩ ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቻችሁ አቅርቡ፦ በቁምስናችን እጁ የማይታዘዝለት፣ ከቤት መውጣት ያቃተው ማን ነው? ከእርሱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደውስ ማን ነው? ጥያቄው በቃል ብቻ እንዳይቀር ስም ይጠራ፤ ቀንም ይቆረጥ። ሕግ አውጪው ሕጉን ያስተካክል፤ ባለሙያውም ከጊዜው ያካፍል። እስከዚያው ግን የሰው መድኃኒቱ ሰው ነውና፣ አጠገባችን ያለው ታማሚ «ሰው የለኝም» እንዳይል መጠበቅ የእያንዳንዳችን ፋንታ ነው።