የእግዚአብሔር እንግዳና የአልጋ ዋጋ

የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ብሎ ሲጣራ፣ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» የሚል ድምፅ የሚመለስበት ሥርዓት በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ ጸንቶ የኖረ ነው። በጥሪውና በመልሱ መካከል ስለ ዋጋ የሚነሣ ነገር የለም፤ ባለቤቱ ቤቱን የራሱ ብቻ አድርጎ ስለማይቈጥረው ሊያከራየው አይደፍርም፤ እንግዳውም በሌላ ስም የመጣ ስለ ሆነ ውለታውን የሚመልስለት በስሙ የመጣበት ጌታ ነው። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ያደገ ሕዝብ፣ መንገዱ ረዝሞ፣ ተጓዡ በዝቶ፣ አልጋ በገንዘብ የሚያዝበት ዘመን ሲደርስበት፣ እንግዳ የመቀበል ትሩፋት ከገንዘቡ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ሊያድር ይችላልን? ወይስ ገንዘቡ ሲገባ ትሩፋቱ በጓሮ በር ይወጣል? ብዙ ደጋግ ሰዎች ሁለተኛውን ሲያምኑ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን የምዕራብ ሐረርጌን ከተሞች አልጋ ቤቶች ደጋግሜ ካየሁ በኋላ፣ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚፈረድ ሆኖ አላገኘሁትም።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዋሽን የተሻገረ መንገደኛ፣ በሚኤሶ ቆላ ሙቀት ሲቈላ ቈይቶ ወደ ጨርጨር ደጋ መውጣት ሲጀምር አየሩ ይለወጥለታል፤ ማሽላው፣ ቡናውና ጫቱ በተራራው ጎን እርከን በእርከን ሆኖ ይታየዋል፤ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘም በኋላ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን፣ ብዙ ሰው ግን እስከ አሁን አሰበ ተፈሪ እያለ የሚጠራትን ከተማ ያገኛል። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ቆላ ቆላውን አልፎ ሄዷልና፣ ደጋው እንግዳ የሚያገኘው በመኪና መንገድ ነው። ከተማይቱ የጸናችው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒያ ሊቅ፣ የጨርጨር ገዥ ሆነው አውራጃውን ለሌላው አርአያ እንዲሆን ባደራጁበት ዘመን ነው። የአስተዳደር መቀመጫ ባለበት ባለጉዳይ አለ፤ ባለጉዳይ ባለበትም አዳር አለ። ዛሬም በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ አልጋ የሚይዘው የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ገበሬ፣ በሆስፒታል ዘመዱን የሚያስታምም፣ የጫት ነጋዴ፣ የከባድ መኪና ሹፌርና ረዳቱ፣ አዲስ የተመደበ መምህር፣ በታኅሣሥና በሐምሌ ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ ነው።

የነዚህ ርካሽ ማደሪያዎች ሥርዓት ለሁሉም አንድ ነው ማለት ይቻላል። መንገደኛው «አልጋ አለ?» ይላል፤ «ሻወር ያለው ነው የሌለው?» ይባላል፤ ሒሳቡን አስቀድሞ ይከፍላል፤ መታወቂያው በመዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ቁልፉን ተቀብሎ በግቢው ዙሪያ በተርታ ከተሠሩት ክፍሎች አንደኛውን ይከፍታል፤ በውስጡም አንድ አልጋ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ከአልጋው ሥር ነጠላ ጫማ ያገኛል፤ የቧንቧው ውሃ ከተቋረጠም በባልዲ ይመጣለታል። በቀድሞው ሥርዓት የእንግዳው ስምና አገር የሚጠየቀው እግሩ ታጥቦ፣ እህል ቀምሶ ካረፈ በኋላ ነበር፤ በአልጋ ቤቱ ግን ስሙ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠየቃል። ይህን እንደ ፍቅር መቀዝቀዝ የሚቈጥሩት አሉ። በእኔ አስተያየት ስምን መመዝገብ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ እንግዳውንም ጐረቤቱንም የሚጠብቅ ደንብ ነው። ነቀፋ ያለበት፣ መታወቂያውን ሊጽፍ ተቀብሎ፣ በስሙ የሰውየውን ወገንና ሃይማኖት መዝኖ፣ ባዶ ክፍል እያለ «አልጋ ሞልቷል» የሚለው ነው። በቅርቡ ዘመናችን እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው በሌሊት ሌላ ደጅ የፈለጉ ወንድሞችና እኅቶች አሉንና ይህን አለዝቤ ልናገረው አልችልም፤ እንዲህ ያለው ባለቤት ገንዘብ ስለ ተቀበለ ሳይሆን ሰውን ስላልተቀበለ ከአብርሃም ዕጣ ወጥቷል።

አብርሃምን ካነሣሁ ዘንድ፣ የሐረርጌ መንገደኛ በቆላው ሳለ ቀና ብሎ የሚያየውን የአሰቦትን ተራራ ማሳሰብ ይገባኛል። በዚያ ላይ የቅድስት ሥላሴና የደብረ ወገጉ የአቡነ ሳሙኤል ገዳም አለ። ሐምሌ 7 ቀን ቤተ ክርስቲያን የምታከብረው፣ ሥላሴ በእንግዶች አምሳል ወደ አብርሃም ድንኳን የገቡበትን ዕለት ነው። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት ሰይጣን በአብርሃም ደግነት ቀንቶ፣ ራሱን አቍስሎ በመንገድ ላይ ቆመና «አብርሃም ዛሬ እንግዳ ይደበድባል» እያለ መንገደኛውን ሁሉ መለሰው፤ አብርሃምም ያለ እንግዳ እህል አልቀምስም ብሎ ሦስት ቀን ጾመ፤ ከዚህ በኋላ ነው ሦስቱ እንግዶች የመጡለት። በዚህ ትረካ የተራበው እንግዳው ሳይሆን አስተናጋጁ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። የዚያው አውራጃ እስላም ወገኖቻችንም ከዚሁ ከአብርሃም ይህንኑ ርስት ወርሰዋል፤ ወደ ባሌው ሼህ ሁሴን በእግሩ የሚጓዘው ተሳላሚ በየመንደሩ እየተቀበሉት ያልፋል፤ በትምህርታቸውም የእንግዳ መብት ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ የሚያልፈው ምጽዋት ይሆናል።

ይህ የሦስት ቀን ወሰን ጥበብ አለበት። ነጻ መስተንግዶን ስናወድስ፣ አንድ ነገር መሰወር አይገባንም፤ ነጻ የተባለው ማዕድ ሁሉ ዋጋው በአንድ ሰው ተከፍሏል። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ በእቴጌ ጣይቱ ስም የታወቀውን ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፣ መኳንንቱ ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ስለ ቈጠሩት፣ ንጉሡ ራሳቸው እየጋበዙና ራሳቸው እየከፈሉ እስኪያለማምዷቸው ድረስ መድከማቸው ሲተረክ ኖሯል። የመኳንንቱ ኀፍረት ከንቱ አልነበረም፤ የተባረከ እህል ለገበያ ሲወጣ ማየት አስጨንቋቸዋል። ነገር ግን እነርሱ በየአዳራሻቸው የሚያበሉት እህል በገባሩ ላብ የመጣ መሆኑን ያ ኀፍረት አላሳያቸውም። የጌታው ቸርነት በጭሰኛው ትከሻ ላይ ሲቆም፣ የሚመሰገነው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው ይሆናል።

በትንሹም ቤት ያው ነው። ከዳሮ ለቡ ወይም ከሀብሮ ቀበሌዎች ሕመምተኛውን ይዞ ጭሮ የመጣ ገበሬ ከዘመድ ቤት ቢያርፍ፣ ሳምንቱ ወር ሲሆን ያቺ የዘመድ ሚስት የልጆቿን እንጀራ ቀንሳ እንደምታቀርብለት ያውቃል፤ እያወቀም ጕሮሮው እየተዘጋ ይበላል። ለዚህ ሰው በጥቂት ብር የሚያድርበት ንጹሕ አልጋ ውርደት አይደለም፤ እንዲያውም በሰው ቤት ከመሸማቀቅ የሚያወጣው ነው፤ ከፍሎ ያድራልና ማለዳ አንገቱን ቀና አድርጎ ይወጣል። የአልጋ ዋጋ የማይፈታው ጭንቅም ይመጣል፤ በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል የተፈናቀለው እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ሐረርጌ ሲጐርፍ፣ በመጠለያም በዘመድም በባዕድም ቤት የተጠጋው ሁሉ አልጋ በገንዘብ ሊይዝ የሚችል አልነበረም፤ ያን ጊዜ «ቤት የእግዜር ነው» የሚለው ቃል ብቻ ነበር የቀረው። ሁለቱም አስፈላጊዎች ናቸው፤ አንዱን በሌላው መፍረድ አይገባም።

ይሁን እንጂ ዋናውን ምስክር ያገኘሁት በወንጌል ነው፤ እርሱም ደጉ ሳምራዊ በሚባለው ምሳሌ ውስጥ ነው። ከኢየሩሳሌም ደጋ ወደ ኢያሪኮ ቆላ በሚወርደው መንገድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ሳምራዊው አንሥቶ በእንስሳው ላይ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ይወስደዋል፤ በማግሥቱም ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ሰጥቶ አደራውን ትቶለት ይሄዳል። መተርጉማን ማደሪያውን በቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱን ዲናር በብሉይና በሐዲስ፣ የማደሪያውን ጠባቂ በሐዋርያትና በካህናት መስለው ያስተምራሉ። ምሳሌው በአልጋ ቤት ባለቤት ላይ ያረፈ ከሆነ፣ ያውም ገንዘብ በእጁ ሲቀበል በታየ ሰው ላይ፣ ዋጋ መቀበል ከቅድስና ጋር የሚቃረን ነገር አለመሆኑ ተመስክሯል። ሰባክያን ስለ ካህኑና ስለ ሌዋዊው፣ ስለ ሳምራዊውም ብዙ ይናገራሉ፤ ስለዚህ ሰው ግን እምብዛም አይናገሩም። ሳምራዊው ከሄደ በኋላ ቍስሉን የሚያጥበው፣ ሲያቃስት የሚነሣው፣ መብራት የሚያበራው እርሱ ነው። ሳምራዊው ደግሞ ከዲናሩ በላይ ብታወጣ ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎታል፤ ወንጌሉም ባለቤቱ ዋስ እንደ ጠራ ወይም መያዣ እንደ ጠየቀ አይነግረንም። እንግዲህ በዲናሩና በቍስለኛው መዳን መካከል በሒሳብ ያልተጻፈ ሰፊ ቦታ አለ፤ የዚያ ሰው ጽድቅ ያለው እዚያ ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ይህን ቦታ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አውቶቡሱ ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ይነሣልና፣ ተኝቶ እንዳያመልጠው የሚሠጋውን መንገደኛ ዘበኛው ዐሥር ሰዓት ላይ በሩን ቀስ ብሎ አንኳኵቶ «አባቴ፣ ይነሡ» ይለዋል፤ ይህ በደረሰኝ ላይ የለም። የእንግዳው ገንዘብ ትራስ ሥር ተረስቶ ቀርቶ፣ ከሳምንት በኋላ ሲመለስ በመሐረብ እንደ ተቋጠረ የሚያገኝበት ቤት አለ። ባለቤቷ «ልጄ፣ ዛሬ ውሃ የለም፤ ከፈለግህ ከማዶ ያለው ቤት አለው» ብላ ገበያዋን በእጇ የምታሳልፍበት ቤት አለ፤ ይህችን እናት ከብዙ መጽዋቾች አብልጬ አከብራታለሁ፤ እውነት መናገሯ ገንዘብ አስቀርቶባታልና። የዚህ ተቃራኒውም አለ። በአንዲት ከተማ ያደርኩበት ቤት አንሶላው ያለፈውን እንግዳ ሽታ ይዞ ቆይቶኝ፣ ቱኋኑ አላስተኛ ብሎኝ፣ ከፊት ለፊቱ ቡና ቤት የሚመጣው ዘፈን እስከ እኩለ ሌሊት ሲያናውጠኝ አድሬያለሁ፤ በማለዳም የነገርኩት ሰው «በዚህ ዋጋ ምን ይፈልጋሉ?» አለኝ። ዋጋው ማነሱ የክፍሉን ጥበት፣ የአልጋውን ተራነት፣ የጋራ ሻወሩን ሊያስረዳ ይችላል፤ ቆሻሻውን ግን አያስረዳም። ሰው በርካሽ ሲተኛ ሰውነቱ አይረክስም።

ነገሩ ይበልጥ የሚፈተነው በቁልቢ ሰሞን ነው። ራስ መኰንን ያሠሩት ያ ታላቅ ደብር ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከየአገሩ የሚመጣውን ምእመን ሲጠራ፣ በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች አልጋ ይጠፋል፤ ዋጋውም ይወጣል። ዋጋ መጨመር ሁሉ በደል ነው አልልም፤ በዚያ ሰሞን ባለቤቱ ሠራተኛ ይጨምራል፣ ውሃ በበርሜል ይገዛል፣ በግቢው ድንኳን ይተክላል፤ ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ነገር ግን ጠዋት የተናገረውን ዋጋ ማታ፣ ጨለማና ብርድ የያዛትን ሕፃን ያዘለች እናት ስትመጣ፣ ሌላ መሄጃ እንደሌላት አይቶ እጥፍ የሚያደርገው ሰው የሚሸጠው የእርሷን ጭንቀት ነው፤ ጭንቀቷ ደግሞ የእርሱ ንብረት አይደለም። በቤተ ልሔም ለድንግል በማደሪያው ስፍራ አልተገኘላትም፤ ባለቤቶቹ ምናልባት ክፉዎች አልነበሩም፣ ቤቱ ሞልቶባቸው ይሆናል። የእኛ ሰው ግን ቤቱ ሳይሞላ ልቡን ሲሞላ፣ ስለት ይዛ ወደ መልአኩ የምትሄደውን ሴት መዝረፉን ሊያውቀው ይገባል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው ሳይነሣ ይቀራል፤ ምናልባትም ከሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው። አብርሃም ራሱ ወደ ላሞቹ ሮጧል፤ ሣራ ራሷ ዱቄቱን ለውሳለች። የዛሬው ባለቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ በቦታው የለም፤ እንግዳውን የሚቀበለው ደመወዝተኛ ነው፤ አልጋውን የምታነጥፈው፣ አንሶላውን የምታጥበው፣ ባልዲውን የምትሸከመው ከገጠር የመጣች ወጣት ናት። ከላይ እንዳልኩት ነጻ የተባለው ማዕድ በገባሩ ትከሻ ላይ ቆሞ ከነበረ፣ ርካሽ የተባለው አልጋም በእርሷ ትከሻ ላይ እንዳይቆም መፍራት ይገባል። በአንዳንድ ቤት የምትተኛው በኮሪደሩ ወይም በዕቃ ቤቱ ነው፤ እንግዳ በበዛበት ሌሊት ያም ይወሰድባታል፤ ሰክሮ የመጣ ሰው ሲያስቸግራትም የሚከላከልላት አይኖርም። እንዲህ ያለ ቤት በሩ ላይ ምንም ዓይነት ጥቅስ ቢለጥፍ የአብርሃም ድንኳን ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ባለቤቱ አልጋ ሲቈጥር አስቀድሞ የእርሷን ይቍጠር፤ በሯም ከውስጥ የሚቀረቀር ይሁን፤ ደመወዟም በወሩ መጨረሻ ሳይለመን ይሰጣት። እንግዳውም የእርሱ ስም በመዝገብ ሲጻፍ የእርሷን ስም ጠይቆ ይወቅ፤ ክፍሉን ሳያበላሽ ይልቀቅ፤ ጉርሻ የሚሰጥ ከሆነ ለገንዘብ ተቀባዩ ሳይሆን በገዛ እጇ ይስጣት፤ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ ሲወጣም፣ ባለቤቱ ተኝቶ እርሷ ነቅታ በሩን ስትከፍትለት፣ እንደ ቤት ጌታ ቆጥሮ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እኅቴ» ይበላት።