ፈረስ ይለግማልን?



ትልልቅ ጉዳዮች በሚነሡበት በዚህ ዓምድ ስለ አንድ የጋሪ ፈረስ መጻፌን አትናቁብኝ።

ሞጆ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ጋሪ አለችኝ። የሚነዳት ወጣት በየማታው የተቆረጠ ገንዘብ ያስገባልኛል፤ ከዚያ የተረፈው የእርሱ ነው። ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ገቢው ይጎድል ጀመር። ምክንያቱን ብጠይቀው «ጋሼ፣ ፈረሱ ለገመ» አለኝ። ሄጄ አየሁት። አንገቱን ደፍቷል፤ ጆሮው ወድቋል፤ ዝንብ ሲያርፍበት እንኳ ጭራውን አያነሣም። እኔም «እውነትም ለግሟል» አልኩ። ጅራፉ ቀጠለ። አላህ ይማረኝ፣ አልከለከልኩም።

ለመሆኑ ልግም ምንድን ነው? እየቻሉ እንዳልቻሉ መሆን ነው። ለጋሚ ለመባል ጉልበትን መደበቅ፣ ሌላውን ለማታለል ማሰብ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ሐሳብ በአንድ ቃል ለፈረሱ ሰጠሁት። ቃሉ ደግሞ ምቹ ነው፤ አንዴ ከተባለ በኋላ «ምን ነክቶት ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ይቀራል፤ የሐኪም ወጪም አብሮ ይቀራል። የፈረስ ጠባይ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በአራዊት የሚታደን ፍጥረት በመሆኑ ሕመሙን ይሸሽጋል። ደክሞ ከታየ ድካሙ የቆየ ነው ማለት ነው።

የእንስሳት ሐኪም ያስጠራሁት ፈረሱ አንድ ቀን መንገድ ላይ በጉልበቱ ከተንበረከከ በኋላ ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ በእግሮቹና በአንገቱ ላይ እባጭ ፈለገ፤ እንደኛ ባለ ሞቅ ያለ ከተማ የጋሪ ፈረሶችን የሚጎዳ፣ ከቆዳ ሥር እየተቋጠረ የሚቆስል የፈንገስ በሽታ አለና። አልነበረም። ሙቀቱን ለካ፤ 38 ዲግሪ፣ ጤነኛ ነው። ከዚያ ከንፈሩን ገልጦ ድዱን አሳየኝ። ሮዝ መሆን ሲገባው ነጥቷል፤ የሆድ ትል ደሙን ይመጠው ነበር። ቀጥሎ አፉን ከፍቶ የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ ጠርዝ በጣቴ አስነካኝ። ምላጭ ነው! የፈረስ ጥርስ ለረጅም ዘመን ከድድ እየወጣ በማኘክ የሚፋቅ ስለሆነ፣ እኩል ካልተፋቀ ጠርዙ ይሾልና ጉንጩን ይቆርጠዋል። ወጣቱ ይህን ሲሰማ ክው አለ። ለካ ከአፉ እየተጠቀለለ የሚወድቀውን ጭድ ሲያይ «ምግብ ይመርጣል» እያለ ሲቆጣው ከርሟል። ሁለተኛ ስም አውጥተንለት ነበር።

በመጨረሻ ሐኪሙ «ውኃስ?» ሲል ጠየቀ። ጠዋት አንድ ባልዲ፣ ማታ አንድ ባልዲ። በሙቀት የሚሠራ ፈረስ በቀን 40 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊጠጣ ይችላል። «ቀን ለምን አታጠጣውም?» ብዬ ወጣቱ ላይ ጮህኩበት። እርሱም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ላጠጣ ብል ተራ ያመልጠኛል፤ ተራ ካመለጠኝ የእርስዎን አልሞላም» አለኝ።

ያንን ሒሳብ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አንድ የአንሷር ሰው የአትክልት ቦታ ሲገቡ ስላለቀሰው ግመል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ግመሉን አሻሽተው ካረጋጉት በኋላ የጠየቁት ባለቤቱ ማን እንደሆነ ነው። ለባለቤቱም፣ እያስራበውና እያደከመው መሆኑን ግመሉ እንደከሰሰ ነገሩት። እኔ ታሪኩን ስሰማ ሁልጊዜ ራሴን የማቆመው ከተመልካቾቹ ጋር ነበር። ግመል ኖሮኝ አያውቅማ!

የፈረሱ ጥርስ ተሞረደ፤ የትል መድኃኒት ተሰጠው፤ ለሦስት ሳምንት ከጋሪ ተፈታ። በእነዚያ ሳምንታት ወጣቱ ምን ይብላ በሚለው ጥያቄ ከራሴ ጋር ሁለት ሌሊት ተሟገትኩ፤ በመጨረሻ ከፈልኩት። የቀኑንም ገቢ ቀነስኩለት፤ ሳልቆጭ ቀነስኩ ብል ግን እዋሻለሁ። የፈረሱ ድድ ገና በደንብ አልቀላም። ሰሞኑን ወጣቱ ቀትር ላይ ጋሪውን ሱቄ ደጃፍ አቁሞ ባልዲ ይጠይቀኛል።