ጾምና ጸሎት የሰውን አእምሮ በዘዴ መያዝ ነውን?

ሥነ ልቡና የሚባለውን ትምህርት ከተማሩት ልጆቻችን አንዳንዶቹ ወደ ንስሐ አባቶቻቸው ቀርበው እንዲህ ያለ ጥያቄ ያነሣሉ። የሌላውን አእምሮ በእጁ ሊያደርግ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ምግቡን ይቀንስበታል፤ አንዱን ቃል ደጋግሞ ያሰማዋል፤ በከበሮ ስሜቱን ያነሣሣዋል፤ በደሉን ያናዝዘዋል፤ በፍርሃትም ያስጨንቀዋል ይላሉ መጻሕፍቱ። ታዲያ የእኛ የሌሊት ቁመት፣ የእኛ ጾም፣ አርባ አንድ ጊዜ የምንደግመው ምሕለላ፣ የማኅሌታችን ከበሮና የንስሐችን ኑዛዜ ከዚህ በምን ይለያል?

ከካህናት ወገን ይህን ሲሰማ የሚቈጣ ብዙ ነው፤ ጠያቂውን መናፍቅ ብሎ የሚያሰናብትም አይጠፋም። ለእኛ ግን እንዲህ ያለው አሰናባች ለጠያቂው ምስክር የሚሆንለት ይመስለናል። ጥያቄን በቍጣ የሚዘጋ አእምሮን ሊይዝ የሚሻ ነውና።

ነገሩ ከወዴት እንደ መጣ አስቀድመን እንመልከት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ዊልያም ሳርጋንት የተባለ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መነሻው ፓቭሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በውሾች ላይ ያደረገው ምርመራ ነበር። በ1924 በሌኒንግራድ ጎርፍ ሞልቶ ውሾቹ ሊሰጥሙ ጥቂት ሲቀራቸው ከዳኑ በኋላ አንዳንዶቹ የለመዱትን ሁሉ ረስተው ተገኙ። ሳርጋንትም ሰው በድንጋጤና በድካም ከአቅሙ በላይ ሲያዝ የቀድሞ አሳቡ ይፈርሳል፤ አዲስ አሳብም በቀላሉ ይተከልበታል ብሎ የዌስሊን ስብከት፣ የአሕዛብን ከበሮና የእስር ቤትን ምርመራ በአንድ ሚዛን መዘነ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ሊፍተን በቻይና «የአሳብ ለውጥ» የተደረገባቸውን 25 ምዕራባውያንና 15 ቻይናውያን ጠይቆ የተረዳውን ጻፈ፤ እንዲህ ያለውን አገዛዝ የሚያስታውቁ ስምንት ምልክቶችንም ዘረዘረ። ሰው ከውጭ የሚሰማውንና የሚያነበውን መቈጣጠር፣ ኑዛዜን መያዣ ማድረግ፣ ትምህርትን ከሰውየው ሕይወት ማስበለጥ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

እነዚህ ሰዎች የተናገሩት ሁሉ ሐሰት ነው አንልም። በማኅሌት የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዜማው በዝማሜ ተጀምሮ ወደ መረግድ፣ ከመረግድም ወደ ጽፋት ሲደርስ ልብ ይሞቃል፤ የደከመው እግርም ድካሙን ይረሳል። ሥጋ ነፍስን እንደሚያነሣሣ አባቶቻችን ከፓቭሎቭ አልተማሩትም። ሥጋ ሲጠግብ ነፍስ እንደምትከብድ ባያውቁ ኖሮ ጾምን ባልሠሩልን ነበር። መሣሪያው በመልኩ ይመሳሰላልን? አዎን፣ ይመሳሰላል።

ከዚህ ላይ ብዙዎች «የእኛ ዓላማ ቅዱስ ነው» ብለው ነገሩን ይዘጋሉ። ይህ አይበቃም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 በጎረቤታችን በኬንያ፣ በሻካሆላ ጫካ፣ አንድ ሰባኪ ተከታዮቹን እስኪሞቱ ጹመው ከክርስቶስ ጋር እንዲገናኙ አስተማራቸው ተብሎ ከ400 በላይ አስከሬን ከመቃብር ወጣ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ያም ሰባኪ ዓላማዬ ቅዱስ ነው ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ልዩነቱን ከዓላማው ስም ሳይሆን ከሥራው ጠባይ ልንፈልገው ይገባናል።

የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ብለን እናስተምራለን። ታስባለች፤ ትናገራለች፤ ሕያው ሆና ትኖራለች። እንግዲህ የአምልኮ ሥርዓት የሚመዘነው ማሰቧንና መናገሯን በመጠበቁ ወይም በማጥፋቱ ነው። በሻካሆላ ጾሙ ማብቂያ አልነበረውም። የእኛ ጾም ግን ፋሲካ አለው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሆኖ ይፈጸማል፤ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀኖች ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። የሐዋርያት ቀኖና የታመመውን ሰው ከጾም ግዴታ ነጻ ያወጣል። በ4ኛው መቶ ዓመት በገንግራ የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳት ያወገዙትንም ማስታወስ ይገባል፤ ለጽድቅ ነው ብለው ልጆቻቸውን የሚተዉትን ወላጆች፣ ወላጆቻቸውን የሚጥሉትን ልጆች፣ ትምክሕት ይዟቸው በእሑድ የሚጾሙትን፣ ሚስት ያለው ካህን ከቀደሰው ቍርባን የሚሸሹትን ሁሉ ለይተዋቸዋል። ዛሬ ሊቃውንቱ አደገኛ ማኅበር የሚታወቅበት ምልክት ብለው ከሚጽፉት አንዱ ሰውን ከቤተ ሰቡ መለየት ነው። የገንግራ አባቶች ይህን ከ1600 ዓመት በፊት አይተው በራሳቸው ቤት ውስጥ ከልክለውታል።

ስለ ኑዛዜም እንዲሁ። ሊፍተን በጻፈው በቻይናው ምርመራ ኑዛዜው አያልቅም ነበር፤ እስረኛው ደግሞ ደጋግሞ ይጽፋል፤ ሌላውንም እንዲከስስ ይገደዳል፤ የተናገረው ሁሉ መልሶ ይያዝበታል። በእኛ ሥርዓት ተነሳሒው የራሱን እንጂ የባልንጀራውን ኃጢአት አይናገርም። ቀኖናው ልክ አለው፤ ሲፈጸም ይፈታል፤ ምሥጢሩን ያወጣ ካህንም ይሻራል።

ቅዳሴውን ተመልከቱ። አእምሮን የሚይዝ ሰው ሰሚው እንዲደነዝዝ ይሻል። ዲያቆኑ ግን የተቀመጡት እንዲነሡ፣ ወደ ምሥራቅ እንዲመለከቱ፣ እንዲያስተውሉም በየጊዜው ያሳስባል፤ የሚያንቀላፋውን ያነቃል እንጂ አያስተኛም። ካህኑም ለጥቅሙ ቃሉን ሊለውጥ አይችልም፤ ቅዳሴው የተጻፈ ነው፤ ንባቡን የሚያውቅ ምእመን ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክረዋል።

ስለ ትምህርታችን ደግሞ፣ የጉባኤ ቤትን ያላዩ ሰዎች የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቃል በቃል መድገም ብቻ ይመስላቸዋል። የንባብና የዜማ ቤት እውነትም በመድገም ይጀምራል። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግን በየዕለቱ አዲስ ቅኔ እንዲቈጥር ይጠየቃል፤ የትናንቱን ቢደግም ያፍራል። በመጻሕፍት ቤትም መምህሩ አንዱን ንባብ ይዞ «አንድም» እያለ ብዙ ትርጓሜ ያሰማል። በያዘው አሳብ ላይ ሌላ አሳብ እንዳይነሣ የሚፈራ ሰው ይህን ቃል በአፉ አያነሣውም። ተማሪውም የዋሸራውን ቅኔ ተምሮ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ቢሄድ የሚመረቅ እንጂ የሚረገም አይደለም። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ የነገራቸው እውነት እንደ ሆነ በየዕለቱ መጻሕፍትን ሲመረምሩ ሉቃስ አመሰገናቸው እንጂ ተጠራጣሪዎች ብሎ አልነቀፋቸውም። ጌታችንም ብዙዎች ስለ ሕይወት እንጀራ የተናገረውን ሰምተው ወደ ኋላ ሲመለሱ ደጅ አልዘጋባቸውም፤ የቀሩትንም እነርሱ ሊሄዱ ይወዱ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ባለጠጋው ጐልማሳ እያዘነ ሲሄድም ተከትሎ አላስገደደውም። መውጫ የሌለው ቤት ወኅኒ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ግን በመካከላችን ያለውን ልንሸፍን አይገባንም። በየከተማው በሕልምና በራእይ ሰውን እያስፈራራ ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ባሕታዊ ነኝ የሚል ሰው አለ። የንስሐ ልጁን የቤቱን ነገር ሁሉ፣ ጋብቻውንና ሽያጩን ሳይቀር፣ ካላዘዝሁ የሚል ካህንም አይጠፋም። ጸበል ለመጠመቅ የመጣውን ሕመምተኛ መድኃኒትህን ጣል የሚሉም ተሰምተዋል፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአንድነት ሊወሰዱ እንደሚችሉ መግለጣቸው እንዲህ ያለውን ስሕተት ለማቃናት ነበር። በእነዚህ ሰዎች እጅ ጾሙ፣ ጸበሉና ኑዛዜው የተለመደ መልኩን እንደ ያዘ ሳርጋንት የጻፈውን ነገር ይሆናል። ሰይጣን አዲስ መሣሪያ መሥራት አያስፈልገውም፤ የተሠራውን ይወስዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ የሕፃናት ነው። ወንዱን በ40 ቀን፣ ሴቲቱን በ80 ቀን እናጠምቃለን፤ ሕፃኑ አልመረጠም። የእናቱንም ቋንቋ አልመረጠም፤ ያለ ቋንቋ ያደገ ሰው ደግሞ ኋላ መምረጥ አይችልም፤ በዚህ እንመልሳለን። መልሱ ግን ሙሉ የሚሆነው ልጁ ሲያድግ የሚያደርገውን ሁሉ ምክንያቱን ከተማረ ነው። በጥንት ንኡሰ ክርስቲያን አስቀድሞ ይማር ነበር፤ ሰይጣንን የሚክደውና ሃይማኖቱን የሚመሰክረው በራሱ አፍ ነበር። ለሕፃኑ ይህን የሚናገርለት የክርስትና አባት ነው፤ ያን ቃል ሲሰጥም ልጁን ሊያስተምር ዕዳ ይገባል። ዛሬ የክርስትና አባት የሚታወሰው በበዓል ቀን ይዞ በሚመጣው ስጦታ ነው፤ የማስተማሩ ነገር ለሰንበት ትምህርት ቤት ተጥሏል፤ በዚያም ብዙውን ጊዜ መዝሙር ይበዛል። ልጆቹ ለምን እንደሚጾሙ ሳይነገራቸው የጾሙ እንደ ሆነ፣ ጠያቂዎቹ ስለ ልማድ የሚሉት በእነርሱ ላይ ይደርሳል። የገንግራ ቀኖና፣ የጾም ሥርዓትና የኑዛዜ ሕግ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ከነምክንያታቸው እንዲነበቡ የየአጥቢያው አስተዳዳሪዎች ቢያዝዙ፣ የክርስትና አባቶችም ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ቢሰሙ መልካም ነው።