የማይለቅ ሁኔታና በዳይ ፍለጋ፦ ኦቲዝም፣ ኃጢአትና ፈውስ በምዕራብ ሸዋ

በአምቦና በዙሪያዋ ባሉ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ ከጊንጪ ጀምሮ እስከ ጌዶና ባኮ ድረስ፣ ልጁ አራት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታለት፣ በስሙ ሲጠራውም ዞር የማይልለት ወላጅ ከዘመድም ከጎረቤትም ከገዛ ልቡም አስቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ ይህ ነገር ከየት መጣበት የሚል ነው፤ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማን አጠፋ የሚል ሌላ ጥያቄ ተሸሽጎ ይገኛል። የመጀመሪያው መንሥኤን ስለሚጠይቅ ለምርመራ ክፍት ነው፤ ሁለተኛው ግን በዳይ ፈልጎ ፍርድ የሚሰጥ የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው እስከ ቀጠሉ ድረስ የልጆችን እድገት የሚያጠኑ ባለሙያዎች የሚያቀርቡት እውቀት ወደ ቤተሰቡ ጓዳ ሳይዘልቅ ከደጅ ይቀራል፤ እምነቱም ራሱ ለልጁ ሊሰጠው የሚችለው ነገር ይሰናከልበታል።

የእድገት እክል የሚባለው አንጎል በሚያድግበት የልጅነት ዘመን የሚጀምርና በመናገር፣ በመማር፣ ከሰው ጋር በመግባባት ወይም ራስን በመርዳት ችሎታ ላይ የሚንጸባረቅ ሁኔታ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኦቲዝም ከሰው ጋር በሚደረግ የሐሳብና የስሜት ልውውጥ ልዩነት፣ አንድን ድርጊት ደጋግሞ በመፈጸም፣ በተወሰነ ነገር ላይ በእጅጉ በማተኮር፣ እንዲሁም ድምፅ፣ ብርሃንና ንክኪ ከልክ በላይ ሲሰማ ወይም ጨርሶ ያልተሰማ ሲመስል ይታወቃል፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ደግሞ የማሰብ፣ የመማርና የዕለት ተዕለት ኑሮን የማከናወን ችሎታ ከእድሜ ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር የሚሰጥ ስያሜ ነው። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ የሚጥል በሽታም አብሯቸው መታየቱ የተለመደ ነው። ለዚህ ውይይት ዋናው ነገር ግን እነዚህ ሁኔታዎች እንደ ወባ ወይም እንደ ሳንባ ምች መጥተው የሚሄዱ አለመሆናቸው፣ ልጁ እያደገ፣ እየተማረና እየተለወጠ ቢሄድም ከእሱ ጋር የሚኖሩ መሆናቸው ነው።

የበዳይ ፍለጋው ምን ያህል ሥር የሰደደ መሆኑን በቁጥር ካሳዩት ጥናቶች አንዱ ደጀኔ ጥላሁን፣ ሻርሎት ሀንሎን፣ አበባው ፈቃዱ፣ ቤተልሔም ተኮላ፣ ሮዛ ሁክስትራና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ሲሆን፣ ጥናቱ በአዲስ አበባ ወደሚገኙ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ 102 ተንከባካቢዎችን ጠይቋል። ከመቶ 40 ያህሉ የልጃቸውን ሁኔታ ከመንፈስ ልክፍት ጋር፣ ከሩብ የሚበልጡት ደግሞ ከኃጢአት ጋር አያይዘውታል፤ በጭንቅላት ላይ የደረሰ ጉዳትን ወይም የወሊድ ችግርን የጠቀሱም ጥቂት አልነበሩም። መንፈሳዊ ምክንያት በሰጡትና ባህላዊ ፈውስ በፈለጉት ዘንድ የመገለል ስሜቱ በርትቶ ታይቷል። ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ምን ያስፈልጋችኋል ተብለው ሲጠየቁ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የመለሱት ለልጃቸው ትምህርት እንደሚሹ ነው፤ ይህ መልስ ስለ ልክፍት ከሰጡት መልስ ያነሰ ትኩረት ማግኘቱ የሚያስቆጭ ነው። የተጠየቁት ሰዎች ክሊኒክ ደጃፍ የደረሱ መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም።

በምዕራብ ሸዋ የመከራን ምክንያት የሚተረጉሙ ቢያንስ ሦስት ወጎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንድ ቤተሰብ በአንድ ዓመት ውስጥ የሦስቱንም ደጅ ሊጠና ይችላል። ኦርቶዶክሳዊው ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ ልጁን ወደ ጸበል ይወስዳል፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመን እጅ እየተጫነ ወደሚጸለይበት ጉባኤ ያቀርበዋል፤ በሜጫ ኦሮሞ ነባር ሃይማኖት ውስጥ ያደገው ደግሞ ወደ ቃሉ ገልማ፣ ማለትም አያና የተባለው መንፈስ ያድርበታል ተብሎ የሚታመነው የሃይማኖት መሪ ሰዎችን ወደሚቀበልበትና ጉዳይ ወደሚሰማበት ቤት ይሄዳል። ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሰን ስለ ሜጫ ቃሉዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ሥርዓት የአምልኮ ብቻ ሳይሆን የዳኝነትም ሥልጣን ያለው መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ዓለም አተያይ መከራ የሚተረጎመው ሰፉ በተባለው፣ በዋቃ (በፈጣሪ)፣ በሰውና በፍጥረት መካከል ሊጠበቅ በሚገባው ሥርዓት መጣስ ነው፤ የተበደለው ሲካስና ሲታረቅ የታመመው እንደሚድን ይጠበቃል።

ሦስቱ ወጎች በብዙ ነገር ቢለያዩም ስለ ሕመም ባላቸው ሥዕል ይገናኛሉ። መከራው ከውጭ ይመጣል፣ ምክንያቱ በኑዛዜ፣ በልፍለፋ ወይም በፍርድ ይገለጣል፣ ከዚያም ይለቃል። ይህ ሥዕል ንቀት የሚገባው አይደለም፤ በሐዘን ለተሰበረ፣ በጠብ ለተመረዘ፣ በጭንቀት እንቅልፍ ላጣ ሰው ማኅበረሰቡ ያለው ትልቁ ሀብት ሆኖ ኖሯል። ችግሩ የሚመጣው ከልጁ ጋር የተወለደና የማይለቅ ሁኔታ በዚሁ ሥዕል ውስጥ እንዲገባ ሲደረግ ነው። ጎሕ ሲቀድ በባዶ ሆድ ወደ ጸበል የተወሰደ፣ ድምፅና ንክኪ የሚከብደው ልጅ በጩኸትና በግፊያ መካከል ልብሱ ተገፎ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቱ ላይ ሲወርድበት ይጮኻል፣ እጁን ያርገበግባል፣ ለማምለጥ ይታገላል፤ ይህ የተጨናነቁ የስሜት ሕዋሳት ጩኸት መሆኑን የማያውቅ ተመልካች ግን መንፈሱ እየተቃጠለ የሚያሰማው ኡኡታ አድርጎ ይተረጉመዋል። ስለዚህም ውሃው ይጨመርበታል።

ሁኔታው ሳይለቅ ሲቀር ማብራሪያው አይለወጥም፤ ጥፋቱ ወደ ወላጁ ይዞራል። ንስሐው አልተሟላም፣ እምነቱ ጎድሏል፣ ያልተነገረ በደል አለ ይባላል፤ እናትም ከእርግዝናዋ ጀምሮ ያለውን ዘመን በልቧ እየመረመረች የሌለ ወንጀል ትፈልጋለች። ልጁ ከእንግዳ ይደበቃል። አልፎ አልፎም ይታሰራል፤ ገመዱ ግን ከጭካኔ ይልቅ ብዙ ጊዜ ከማጣት የሚመጣ ነው፤ የሚይዝላት ሰው የሌላት እናት ገበያ ውላ እስክትመለስ ልጇ አስፋልት ላይ ወጥቶ መኪና እንዳይገጨው ያላት ዘዴ ያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጉዳይ ሳይንስ ንጹሕ እጅ ይዞ ወደ ሙግቱ የሚገባ መምሰል የለበትም። ሊዮ ካነር ኦቲዝምን እ.ኤ.አ. በ1943 ከገለጸ በኋላ በአሜሪካ የነበሩ ብዙ ሐኪሞች መንሥኤውን በእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ላይ ጣሉት፤ ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳብ በሰፊው አሠራጨ፤ ልጆችም ከወላጆቻቸው ተነጥለው እንዲታከሙ ተደረገ። ቃላቱ የሥነ ልቦና ይሁኑ እንጂ ፍርዱ በጸበል ደጅ ከሚሰማው ፍርድ የሚለይ አልነበረም። ራሱ የኦቲዝም ልጅ አባት የነበረው በርናርድ ሪምላንድ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን አመለካከት በመጽሐፍ ተቃውሞ ነበር፤ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረቡት የመንትዮች ጥናት ደግሞ የዘር ውርስ ድርሻ ጎልቶ ታየ። ዛሬ ኦቲዝም በአስተዳደግ ጉድለት ወይም በክትባት እንደማይመጣ፣ ብዙ ዘረ መሎች አብረው ድርሻ እንዳላቸው ይታወቃል። እንግዲህ በደለኛ የመፈለግ ዝንባሌ የሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅ ጠባይ ነው ማለት ይቻላል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ክርክሩ የቆየ ነው። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 20 የአባቶች በደል በልጆች ላይ እስከ ሦስትና አራት ትውልድ እንደሚጠየቅ ሲናገር፣ ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም አጥብቆ ያስተምራል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርት ዓይነ ሥውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ያቀረቡት ጥያቄ በአምቦ ሠፈሮች ከሚነሣው ጋር አንድ ነው፤ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ የበደሉት ብለው ይጠይቃሉ፣ የኢየሱስ መልስም ሁለቱንም ነጻ ያወጣል። ታሪኩ በፈውስ ስለሚቀጥል ግን ሰባኪው ፈውሱን ይሰብካል፣ መልሱን ያልፈዋል። በዚያው ምዕራፍ ወላጆቹ ተጠርተው ሲመረመሩ ከምኩራብ እንዳይባረሩ ፈርተው ነገሩን ወደ ልጃቸው መመለሳቸውም እምብዛም አይነሣም፤ ሆኖም የአካል ጉዳተኛ ወላጅ መሆን በማኅበር ፊት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ቦታ ማግኘት ያዳግታል።

ከበደል ጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣው የሰውነት ጥያቄ ነው፤ የማይናገር፣ ጸሎት የማይደግም፣ ትክክልና ስሕተትን ለይቶ ማስረዳት የማይችል ልጅ በእግዚአብሔርና በማኅበሩ ፊት ምን ሥፍራ አለው? የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን በሥርዓቷ ከመለሰች ቆይታለች። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ሃይማኖቱን የሚመሰክርላቸው የክርስትና አባት ወይም እናት ነው፤ በዚያው ዕለትም ሕፃናቱ ይቆርባሉ። አንደበት ያልፈታን ሕፃን ሙሉ አባል አድርጎ የተቀበለ ሥርዓት አሥር ዓመት ሞልቶት ያልተናገረውን ልጅ ከቅዳሴ እንዲወጣ የሚያደርግበት ምክንያት ሊኖረው አይችልም፤ በቅዳሴ መካከል የጮኸ ልጅ ያላት እናት በምእመናን ዓይን ተገፍታ ወደ ውጭ ስትወጣ የሚጣሰው የቤተ ክርስቲያኒቱ የገዛ ራሷ ሥርዓት ነው። ሕፃናትን የምታጠምቀው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም ለዚህ ቅርብ ናት። ጥምቀትን ከግል የእምነት ምስክርነት በኋላ የሚያደርጉ አብያተ ክርስቲያናት ግን ከባድ ሥራ ይጠብቃቸዋል፤ በአፍ መመስከርን የአባልነት በር ካደረጉት አፍ የሌለው በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል ማሳየት ይኖርባቸዋል።

ጸበልና ሕክምና አንዱ ሌላውን ማስወጣት እንደሌለበት አገሪቱ በሌላ ጉዳይ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው መጠቀም እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት ባይኖርም፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ክኒኑን በሱባኤ ምክንያት ሲያቋርጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ተመሳሳይ ቃል ለዚህም ያስፈልጋል። ለነገሩ በአምቦ ሰው ዘንድ ሁለት ማብራሪያን አብሮ መያዝ እንግዳ አይደለም፤ ከምድር የሚፈላው ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ማዕድኑ ተዘርዝሮ ሲሸጥ፣ ፍል ውሃው ደግሞ ለፈውስ ይታጠቡበታል።

ልጁ ምን ያስፈልገዋል የሚለው ጥያቄ ከበዳይ ፍለጋ ነጻ ሲወጣ የምርምሩ ፍሬ ይታያል። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ መነሻቸው የገዛ ልጃቸው ነበር፤ ፊደልን በድምፅ ላይ ተመሥርቶ የሚያስተምር አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ ዘዴም ቀርጸዋል። ነገር ግን ባኮ ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚሰማና በትምህርት ቤት ቁቤ የተባለው የኦሮምኛ ፊደል የሚጠብቀው ልጅ በአማርኛ ሲመረመር የቋንቋው እንግድነት እንደ እክል ሊቆጠርበት ይችላል። ለእንዲህ ያለው አካባቢ የተሻለ የሚስማማው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ክህሎት ሥልጠና ነው፤ ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች የታሰበ፣ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው፣ ልዩ ሐኪም ባልሆኑ ሰዎች ሊመራ የሚችል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ እንዲስማማ ተደርጎ መሞከሩን ቤተልሔም ተኮላና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 አሳውቀዋል። አጭር ሥልጠና የወሰዱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ኦቲዝም ያላቸው አሉታዊ አመለካከት እንደሚቀንስም በሌላ ጥናት ታይቷል።

የሥልጠናው መሠረት ቀላል ቢመስልም ፍልስፍና አለው። የአምቦ ውሃ ቆርኪ በግድግዳ ሥር እየደረደረ የሚውል ልጅ ያላት እናት ቆርኪውን እንድትቀማው አትመከርም። ፊት ለፊቱ በዓይኑ ትክክል ትቀመጣለች፣ አንድ ቆርኪ አንሥታ እንደ እሱ ትደረድራለች፣ ቆርኪ ብላ በአጭሩ ትናገራለች፣ ከዚያም ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ ልጁ ቀና ካለ፣ እጁን ከዘረጋ፣ ድምፅ ካወጣ እንደ ንግግር ተቀብላ ትመልስለታለች። ድርጊቱ ትርጉም አለው፣ ትርጉም ያለው ድርጊት የሚፈጽመውም ሰው ነው የሚል እምነት ከዘዴው በፊት ይቀድማል። ይህ ደግሞ ለሕፃኑ መስክሮ ከሚቀበለው የክርስትና አባት ሥራ የራቀ አይደለም።

የጤና ሳይንስ ኮሌጅና ሪፈራል ሆስፒታል ያለው አምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ ካህናት፣ መጋቢዎችና የገልማ ሽማግሌዎች በአንድ ጉባኤ ቢገናኙ ሊመልሱት ከሚገባው ጥያቄ ከባዱ ግን ስለ ሕፃንነት አይሆንም። ወላጆች ዘወትር የሚጨነቁት እነሱ ሲሞቱ ልጃቸው የት እንደሚወድቅ ነው፤ ይህ የፈውስ ተስፋም የክህሎት ሥልጠናም የማይመልሰው ነው። ሜጫ ኦሮሞ ባዕድ ልጅን በጉዲፈቻ ተቀብሎ በውርስና በስም ከአብራክ ልጅ ጋር የሚያስተካክል ሕግ አለው፤ በከተማው ደግሞ እድር ለቀብር፣ ለድንኳንና ለሐዘንተኛ ቤት ወጪ በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል። ራሱን ችሎ መኖር ለማይችል የአባል ልጅ ባለአደራ የሚሰይምና ከዚያው መዋጮ ቀለቡን የሚቆርጥ አንቀጽ በእድሩ ደንብ ላይ እንዲጨመር አባላት በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ቢሰጡ የሚከለክላቸው የለም።