እያወቁ መሳሳት

ሰዓቱ 14 ሰከንድ ይላል። ሊቼስ በተባለው የቼዝ ድረ ገጽ 2200 ሬቲንግ (የጥንካሬ ነጥብ) የደረሰ ተጫዋች፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ በሦስት ደቂቃ ጨዋታ ነፍሱን ለማትረፍ ይታገላል። ሰሌዳው ላይ የቀሩት ሁለቱ ነገሥታት፣ ሁለት ሩኮችና አንዲት የባላጋራ ወታደር ብቻ ናቸው። ቦታውን ያውቀዋል። ፈረንሳዊው ፊሊዶር በ18ኛው መቶ ዘመን ያስተማረው መከላከያ ነው፦ ንጉሡ ከወታደሯ ፊት ይቆማል፤ ሩኩ ከራሱ ወገን ሦስተኛውን ረድፍ ይዞ የባላጋራውን ንጉሥ መግቢያ ይዘጋል፤ ወታደሯ እዚያ ረድፍ ላይ ስትደርስ ብቻ ሩኩ ወደ ሌላኛው የሰሌዳ ጫፍ ሄዶ ከኋላ ቼክ ማለት ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ ሥራው መጠበቅ ነው። ተጫዋቹ ግን አልጠበቀም። ሩኩን ቀድሞ አነሣና ቼክ አለ። የባላጋራው ንጉሥ በተከፈተው በር ገባ፤ መከላከሉ ከበደ፤ ሌላ ስህተት ተከተለ፤ አበቃ።

ወዲያው ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ፕሮግራም ስህተቱን በቀይ ምልክት አሳየው። አዲስ ነገር ግን አልነገረውም። ይህን መከላከያ ለጓደኞቹ ሲያስረዳ የኖረ ሰው ነው። ታዲያ የሚያውቀውን ለምን አላደረገውም?

ጥያቄው በዕድሜ ቼዝን ይቀድማል። ፕላቶ «ፕሮታጎራስ» በተሰኘው ድርሳኑ ያቀረበው ሶቅራጥስ፣ ሰው የሚሻለውን በእርግጥ እያወቀ የከፋውን አይመርጥም ባይ ነው፤ ለእርሱ የጥፋት ሁሉ ሥሩ አለማወቅ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 7 የሚመሰክረው ሌላ ነው፤ በጎውን መውደድና በጎውን ማድረግ በአንድ ሰው ውስጥ ሲጣሉ ያሳያል። አርስቶትል ደግሞ በሥነ ምግባር መጽሐፉ ማወቅ ራሱ ሁለት ዓይነት መሆኑን ያስተውላል። ሰካራም የኤምፔዶክልስን ግጥም አንድ ሳያስቀር ሊወጣው ይችላል፤ ጀማሪ ተማሪም የሰማውን አሳምሮ ይደረድራል። ዕውቀቱ ግን ገና ከሰውየው ጋር አልተዋሐደም፤ ለመዋሐድ ጊዜ ይፈልጋል።

የተጫዋቹን ሕመም በስሙ የጠራው አርስቶትል ነው። የ14 ሰከንድ ድንጋጤ እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ ፊሊዶር ከምላስ ላይ አለ፣ ወደ እጅ ግን አልወረደም። ቼስና ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 ባሳተሙት ጥናት ለአንድ ባለሙያና ለአንድ ጀማሪ ሰሌዳ ለ5 ሰከንድ ብቻ አሳይተው ነበር። ቦታው ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሲሆን ባለሙያው እጅግ በልጦ አስታወሰ፤ ጠጠሮቹ እንዲሁ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ብልጫው ጠፋ ለማለት ይቻላል። እንግዲህ የጠንካራ ተጫዋች ኃይል በአብዛኛው ያለው በዓይን ልማድ ውስጥ ነው። ክፉ ልማዱም የሚያድረው እዚያው ነው፤ ለዚህ ነው ተጨማሪ መጽሐፍ ወይም ተጨማሪ ቪዲዮ ብቻውን የማያድነው።

ልማድን ለማረም ደግሞ ለመሸነፍ መፍቀድ ያስፈልጋል። ሬቲንግ እንቅፋት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለዛሬዎቹ ሬቲንጎች መሠረት የሆነውን ስሌት ያበጀው አርፓድ ኢሎ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ስሌቱን የተቀበለው በ1970 ነው። ኢሎ ራሱ የመለካቱን ሥራ ያመሳሰለው ውሃ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል ቡሽ ያለበትን ቦታ፣ ነፋስ በሚያወዛውዘው ገመድ በታሰረ ዘንግ ከመለካት ጋር ነው። ፈጣሪው ይህን ያህል በጥንቃቄ ያየውን ቁጥር፣ በሌሊት ብቻውን የተቀመጠው ተጫዋች የማንነቱ ዋጋ አድርጎ ይይዘዋል። 2200 ወደ 2188 ሲወርድ የጎደለው እርሱ ራሱ ይመስለዋል። ስለዚህ ስህተቱን ሳያይ «አዲስ ጨዋታ» የሚለውን ይጫናል፤ የወረደውን ለማስመለስ በዚያው እጅ፣ በዚያው ልማድ ይገባል።

ሚኻይል ቦትቪኒክ ሌላ መንገድ ነበረው። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ የዓለም ሻምፒዮንነቱን በ1960 ለ23 ዓመቱ ሚኻይል ታል 12.5 ለ8.5 ተሸንፎ አስረከበ። በዓመቱ፣ በ49 ዓመት ዕድሜው፣ 13 ለ8 አሸንፎ አስመለሰ። ቦትቪኒክ ሰው የራሱን ጨዋታ ተንትኖ እንዲያሳትም ይመክር ነበር፤ ሌላው አይቶ እንዲነቅፈው። ገመናን በአደባባይ እንደ ማስጣት ነው፤ ማንም በማያይበት ስክሪን ላይ ቀይ ምልክት ከመቁጠር ይህ እጅግ ይከብዳል፣ ይበልጥ የሚያንጽም ይመስላል። ሰዓት ለሚያልቅባቸው የሰጠው መድኃኒት ደግሞ የልምምድ ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ ማሸነፍና መሸነፍ ይረሳል፤ የሚታየው ሰዓቱ ብቻ ነው። ልማዱ እስኪታረም ይደጋገማል።

ተጫዋቹ ይህን ምክር ይዞ ሬቲንግ በማይቆጠርበት ጨዋታ ከስቶክፊሽ ፊት ይቀመጣል። ያንኑ ቦታ ይደረድራል፤ ሰዓቱንም 20 ሰከንድ ላይ ያስተካክለዋል። መጀመሪያ ይሸነፋል፤ እንደገናም ይሸነፋል። ቀጥሎ ሩኩ በሦስተኛው ረድፍ ላይ ወደ ግራ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ቼክ የማለት ፍላጎቱ ጣቱ ላይ ይመጣል፤ ያልፋል። ወታደሯ አንድ እርምጃ ትገፋለች። ያን ጊዜ ሩኩ ተነሥቶ ወደ ሰሌዳው ጫፍ ይሄዳል።