ስለሚያሞቅ መጠጥ

የኅዳር ወር ከተጋመሰ በኋላ በዋግ ደጋ የማለዳው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሰቆጣ ከተማ ራስዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ከእርስዋ በላይ ባሉት ተራሮች ግን ሌሊት የወረደው ውርጭ በሣሩ ላይ እንደ ጨው ነጥቶ ይታያል። ወደ ተከዜ የሚወርደው የዝቋላና የአበርገሌ ቆላ ሙቀቱን ሲያማርር፥ የደጋው ሰው ደበሎውን ደርቦ በምድጃው ዙሪያ ይሰበሰባል። በዚያን ጊዜ የአረቄ መለኪያ ይቀርባል፤ «ብርድ ነው፥ ጥቂት ቅመስ» ይባላል፤ እምቢ የሚል እንግዳም ብዙ አይደለም። ጠጅ ያለው ጠጁን፥ ደመወዝ ያለው የከተማ ሰውም ከሱቅ የገዛውን ውስኪ ያወጣል። ነገሩ የተለመደ ስለ ሆነ ጥያቄ ያለበት አይመስልም። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ አለበት፤ መጠጥ በእውነት ያሞቃልን? ባያሞቅስ ደስ ማሰኘቱ ሐሰት ነውን?

የፊተኛውን ሐኪሞች መልሰውታል። አልኮል ወደ ደም በገባ ጊዜ ከቆዳ በታች ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ በብርድ ምክንያት ወደ ውስጥ ተሰብስቦ የነበረው ሙቅ ደም ወደ ውጭ ይፈሳል። ፊት ይቀላል፥ እጅ ይግላል፥ ሰውየውም ብርዱ ለቀቀኝ ይላል። ዳሩ ግን ሙቀቱ አልተጨመረም፤ ከጓዳ ወጥቶ በደጅ ተሰጣ እንጂ። በደጅ የተሰጣውንም ነፋስ ፈጥኖ ይወስደዋል። ደግሞም ሰውነት ሙቀትን የሚያገኝበት መንቀጥቀጥ በመጠጥ ኃይል ይቀንሳል። አረቄ የሚለው ስም ከዐረብ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ላብ ማለት ነው። ስሙ የተሰጠው ሲወጣ ጠብ ጠብ እያለ በመንጠባጠቡ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ለጠጪውም ሳይስማማው አልቀረም።

በዚህ ነገር የተታለለ የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። በአልፕስ ተራራ በቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ የሚኖሩ መነኮሳት በበረዶ የጠፉትን መንገደኞች በትልልቅ ውሾች እየፈለጉ ያድኑ ነበር። ላንድሲር የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ዓ.ም. ከነዚህ ውሾች አንዱን በአንገቱ ትንሽ የመጠጥ በርሜል አንጠልጥሎ ሣለው፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ውሻውን ያለ በርሜል ማሰብ አቃተው። መነኮሳቱ ግን እንዲህ ያለ ልማድ የለንም ብለዋል። በበረዶ ለደነዘዘ ሰው አረቄ ማጠጣት የቀረችውን ሙቀት ማስወጣት ነውና፥ ሥዕሉ ሥዕል ብቻ ሆኖ መቅረቱ ለመንገደኞቹ ደግ ሆነላቸው።

ታዲያ «ሞቀኝ» የሚለው ሰው ዋሸን? አልዋሸም፤ ቆዳው የነገረውን ተናገረ። ደስታ በደስታነቱ ሐሰት ሊባል አይችልም፤ ሐሰት የሚሆነው ምስክር ሆኖ ሲቆም ነው። በእሳት ዳር አምሽቶ ወደ መኝታው የሚሄድ ሽማግሌ አንድ መለኪያ ቢቀምስ፥ በቆዳው ምስክርነት ላይ የሚመሠርተው አንዳች ጉዳይ የለውም፤ የሚጐድለውንም ሙቀት ምድጃው ይመልስለታል። ያንኑ መለኪያ ጠጥቶ በሌሊት በቅሎውን እየነዳ ወደ ደጋ የሚወጣ ነጋዴ፥ ወይም ከበጎቹ ጋር በሜዳ የሚያድር እረኛ ግን በዚያ ምስክር ተማምኖ ጋቢውን ይከፍታል፤ የሚጫጫነውንም እንቅልፍ አይጠራጠረውም። መጠጡ አንድ፥ መጠኑም አንድ ነው፤ አንዱን አስደስቶ አስተኛ፥ ሁለተኛውን ለብርድ አሳልፎ ሰጠ። እንግዲህ መጠጥን በራሱ ክፉ ወይም በራሱ ደግ ነው የሚል ዳኛ የጠጪውን መንገድ ሳይጠይቅ ፈርዷል።

መጻሕፍትም ቢሆኑ ወደ አንድ ወገን ብቻ አላደሉም። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል፤ ኖኅም በወይኑ ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን ተገኝቷል። ያለ አረቄ ብርዱ አይቻልም ለሚለው ግን መልስ የሚሆኑት አሮጊቶቹ ናቸው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ገብቶ ብርዱ በሚጸናበት ወራት ይውላል፤ እነርሱም እህልና ውሃ ሳይቀምሱ በማለዳ በባዶ እግራቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ ላይ ይቆማሉ።

ደግሞ ሰው ከመለኪያው የሚፈልገው የሥጋ ሙቀት ብቻ አይደለም። ቋንቋችን ይህን አስቀድሞ ያውቃል፤ ጨዋታው ሞቀ፥ ቤቱ ሞቀ ይላል፤ መስከር ለጀመረውም ሞቅ ብሎታል ይላል። በሰንበቴና በማኅበር የሚዞረው ጠላ ኃይሉ ደካማ ነው፤ ነገር ግን ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፥ የተጣላውን አስታርቀው፥ የታመመውን ጠይቀው ሲለያዩ ብርዱን ረስተው ይሄዳሉ። ብቻውን ደጁን ዘግቶ የሚጠጣ ሰው ከጠላው አሥር እጅ የበረታ መጠጥ ቢቀዳ ይህን አያገኘውም።

ከሁሉ የሚከብደው የእህሉ ነገር ነው። አረቄ ከብቅልና ከጌሾ፥ ከገብስ ወይም ከዳጉሳ ተደፍድፎ ይብላላል፤ ከዚያም በእሳት ተጥዶ እንፋሎቱ በመቃ እያለፈ በቀዝቃዛ ዕቃ ይጠራቀማል። የስኮትላንድም ውስኪ ከገብስ ብቅል ይወጣል፤ ስሙ በጥንት ቋንቋቸው የሕይወት ውሃ ማለት ነው። ዋግ ግን በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ክፉኛ የተመታ አገር ነው፤ በዚያ አገር አንድ ቁና ገብስ ምን እንደሚያህል የማያውቅ የለም። እንጨቱም እንዲሁ ነው፤ ተራራው ተራቍቶ ሳለ፥ አንዲት ጠርሙስ የማታለል ሙቀት ለማውጣት ቤት በእውነት ሊያሞቅ የሚችል ፍልጥ ይነድዳል።

ይህም ሆኖ፥ ባልዋ የሞተባት ሴት አረቄ አውጥታ ልጆችዋን ታሳድጋለች። የባሕር ማዶ ጠርሙስ ከፊቱ አስቀምጦ እርስዋን የሚነቅፍ የከተማ ሰው ፍርዱ ጠማማ ነው፤ የእርሱም ውስኪ የሌላ አገር ገብስ ነውና። ከእርስዋ ገብስ አጥሚት ቢሠራ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ከአረቄው ይልቅ ያሞቀዋል፥ ይመግበዋልም፤ ነገር ግን በአጥሚት ዙሪያ ዘፈን አይወጣም፥ ገበያም አይቆምም፤ ይህንን እርስዋ ከነቃፊዋ አብልጣ ታውቀዋለች። በቅሎውን ከደጅ አስሮ የገባውን እንግዳ መለኪያውን ከመቅዳትዋ በፊት «ታድራለህ ወይስ ትሄዳለህ?» ብላ ብትጠይቀው፥ ለሚያድረው አረቄውን፥ ለሚሄደው አጥሚቱን ብትቀዳ፥ ሁለቱም ዋጋቸውን ከፍለው ይነሣሉ፤ ሁለተኛውም በሚመጣው ገበያ ተመልሶ ከደጅዋ በቅሎውን ያስራል።